መሳቢያችንን ሌላ ሰው ሲከፍተው

  



የዛሬውን ርእሳችንን ለአንድ ወንድማችን ብንነግረው ሳቀብን። «ኡስታዝ፣ ስለ ልብስ አቀማመጥም ሬዲዮ ላይ ይወራል እንዴ? ይህ እኮ የሴቶች ጉዳይ ነው» አለን። እኛም «የምትለብሰው ካልሲ ከየትኛው መሳቢያ እንደሚወጣ ታውቃለህ?» ብለን ጠየቅነው። ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ከሁለት ዓመት በፊት ተጠይቀን ቢሆን ኖሮ እኛም ዝም ነበር የምንለው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቤታችን ስንጋባ የተገዛ አንድ ባለ አራት መሳቢያ ቁምሳጥን አለ። እኛ፣ ባለቤታችንና ሦስት ልጆቻችን የምንለብሰው ከሱ ነው። ለፈጅር ሶላት ስንነሣ መብራት ካለ አብርተን፣ ከጠፋም በስልካችን ብርሃን የላይኛውን መሳቢያ እንስባለን፤ የምንፈልገው የለም። ሁለተኛውን እንስባለን፤ ጀለቢያችን ከልጆች ሹራብ ጋር ተጠላልፎ ይወጣል። በዚህ መሐል ትንሿ ልጅ ትነቃለች፤ እሷ ስታለቅስ ሌላው ይነሣል። በመጨረሻ «ኮፍያዬ የታለ?» ብለን እንጣራለን። ባለቤታችንም ዓይኗን ሳትገልጥ «ሦስተኛው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከፎጣው ሥር» ትለናለች። ሁልጊዜም ያለችው ቦታ ላይ እናገኘዋለን። ይህን እንደ ችሎታ ቆጥረን እናደንቅላት ነበር። እንደ ሸክም ቆጥረንላት ግን አናውቅም።

አንድ ጊዜ እናቷ ታመው ልታስታምም ሄደች፤ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አራት ጊዜ ደወልንላት። የትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ሱሪ፣ የትንሿ የውስጥ ልብስ፣ የወንዱ ልጅ ሹራብ፣ በመጨረሻም የኛው የጁምዓ ጀለቢያ። አራተኛውን ስንደውል እናቷን ደግፋ ልታስቀምጣቸው እየሞከረች ነበር። «ይቅር በለኝ፤ ግን አንተም እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው» አለችን።

ይህን ቃል ስንሰማ ያፈርነው በሌላ ምክንያት ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቃ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር የተናገረችውን፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር የተላለፈውን ከሚንበር ላይ ስንት ጊዜ ነግረን ይሆን? ታዲያ ይህን የምንናገር ሰዎች የገዛ ልብሳችንን ከገዛ ቤታችን ማግኘት አቅቶን በሽተኛ የምታስታምም ሴት እናስጨንቃለን።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገባን። ልብሱ የተቀመጠው መሳቢያው ውስጥ አልነበረም፤ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አንድ መሳቢያ ተደራጀ የሚባለው ያደራጀው ሰው በሌለበት ሌላው ከፍቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚፈልገውን ሲያገኝ ነው። ባለቤቱ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ወደ ሦስተኛው በኋላ እንመለሳለን።

ባለቤታችን ስትመለስ ተመካክረን አንድ ቅዳሜ ሥራውን ጀመርን። ምንጣፍ አንጥፈን አራቱንም መሳቢያ በአንድ ጊዜ ገለበጥናቸው። በአንድ ጊዜ መሆኑ ግድ ነው። አንድ በአንድ ሲሠራ የማይፈለገው ልብስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ ከቤት አይወጣም። ክምሩን ስናየው ደነገጥን። ሦስት አንድ ዓይነት ጥቁር ሻሽ ተገኘ፤ አንዱ ከሥር ተቀብሮ ሲጠፋ ሌላው እየተገዛ የመጣ ነው። ለዒድ ተገዝቶ ሁለት ጊዜ ብቻ የተለበሰ የልጅ ልብስ ተገኘ፤ ልጁ ግን አሁን ክንዱን እንኳ አያስገባበትም። በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ለልጃቸው የዒድ ልብስ ተቸግረው እንደነበር እናውቅ ነበር፤ ልብሱ መኖሩን ግን አናውቅም ነበር። አባካኝነትን ሁልጊዜ በገበያ ውስጥ እንፈልገዋለን። ከመሳቢያ ሥር ተደብቆ የሚያረጀውን ማንም አያየውም።

ከዚያ በኋላ የማከፋፈሉ ነገር መጣ። ቀድሞ የነበረው አከፋፈል በዓይነት ነበር፤ ካልሲ ከካልሲ፣ ሱሪ ከሱሪ ጋር። ሲታይ ያምራል፤ ግን አምስት ሰው በየቀኑ አራቱንም መሳቢያ ይከፍታል ማለት ነው። አሁን በሰው አደረግነው። አንዱ የኛ፣ አንዱ የባለቤታችን፣ አንዱ የትልቁ ልጅ፣ አንዱ የሁለቱ ትንንሾች ሆነ። ለሁለቱ መሐሉን በጫማ ካርቶን ከፈልነው። የአምስት ዓመቷ ልጃችን በሦስተኛው ቀን «ይሄ የኔ ቤት ነው» ብላ ወንድሟን እጁን እንዳያስገባ ከለከለችው። ጠብ ጨመረ ብንልም ልብሷን ራሷ ማውጣትና መመለስ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

አጣጣፉም ተለወጠ። ብዙዎቻችን ልብስ የምናስቀምጠው አንዱን ባንዱ ላይ እየከመርን ነው። ከታች ያለውን ለማውጣት ስንጎትት የላዩ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የላዩን ብቻ ደጋግመን እንለብሳለን፤ የታቹ ይረሳል። ከዚህ ይልቅ ልብሱን አጥፎ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ኪታብ ጎን ለጎን ማቆም ይሻላል። ሸሚዝ ከሆነ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መልሶ፣ በቁመቱ ሦስት ቦታ አጥፎ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እያጠፉ ቁመቱን ከመሳቢያው ጥልቀት ጋር ማስተካከል ነው። በትክክል የታጠፈ ልብስ ሲያቆሙት ይቆማል፤ ከወደቀ አንድ ጊዜ ይታጠፋል። ጀለቢያ ረጅም ስለሆነ እጥፉ ይበዛል። የሚያንሸራትት ሻሽ አልቆምም ካለ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይገባል። መሳቢያውን ሲከፍቱት ያለው ሁሉ በአንድ እይታ ይታያል፤ አንዱን ሲያወጡ ሌላው አይነካም። በጨለማ ለሚነሣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሹራብ ነገርም አለ። የሹራብ ክር በራሱ ክብደት ስለሚላላ ሲሰቀል ትከሻው ይረዝማል፤ ቦታው መሳቢያ ነው። ካልሲ ደግሞ አንዱን በሌላው ውስጥ ገልብጦ ኳስ ማድረግ ላስቲኩን ያላላዋል፤ ጥንዱን አነባብሮ አንዴ ማጠፍ ይበቃል። ጋቢና ብርድ ልብስ አንድ መሳቢያ ሙሉ ስለሚበሉ ከመሳቢያ ይውጡ። በየመሳቢያው የአንድ መዳፍ ያህል ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ ጢም ብሎ የሞላ መሳቢያ ይነክሳል፣ ሲጎተትም ፊቱ ይነቀላል። የኛ ሁለተኛው መሳቢያ መያዣው የተነቀለው በዚሁ ነው፤ አናጢው ሲያየው «እናንተ ልብስ ሳይሆን ድንጋይ ነው የምታስቀምጡት» ብሎናል።

ከሥሩ ጋዜጣ የሚያነጥፉ ቤቶች ብዙ ናቸው። የጋዜጣ ቀለም ነጭ ልብስ ላይ ይለቃል። ከዚህም በላይ በጽሑፉ መሐል የአላህ ስም ይኖር ይሆናልና ይቅር።  ለማንጠፍ ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ወይም ያረጀ አንሶላ ቁራጭ ይሆናል።

ወደ ጠሃራ ጉዳይ ስንመጣ በብዙ ቤት የሚያጋጥም አንድ ልማድ አለ። አንዴ ተለብሶ ገና ያልቆሸሸ ልብስ ወደ መሳቢያ ይመለሳል። ማታ ሕፃን የታቀፍንበት ጀለቢያ ታጥፎ ከንጹሑ ጋር ይቀመጣል፤ ሲነጋ ሶላት ልንሰግድበት ስናወጣው «ሽንት ነክቶት ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ይህን ጥያቄ ከእናቶች ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። መልሱ የታወቀ ነው። እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም። የልብስ መሠረቱ ንጽሕና ነው፤ ነጃሳ መንካቱን እስካላረጋገጥን ድረስ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ሶላቱም ሶላት ነው። በመጠራጠር ብቻ ሙሉ መሳቢያ አውጥታ የምታጥብ እህት ራሷን ለወስዋስ ትሰጣለች፤ በውኃ እጥረት ዘመን ደግሞ ጉዳቱ የቤቱ ሁሉ ነው። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል። በመሳቢያ ውስጥ የታጠበ ብቻ ይግባ። አንዴ የተለበሰው በበሩ ጀርባ በሚመታ ሚስማር ወይም ማንጠልጠያ ላይ ይዋል። የኛ ሚስማር ሁለት ነው። ከዚያ በላይ ከተንጠለጠለ መታጠብ ያለበት አለ ማለት ነው።

የታጠበ ብቻ ይግባ ያልንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብል። ልብሱን የሚበላው በአየር ላይ የምናያት ትንሿ የሌሊት ቢራቢሮ አይደለችም፤ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትሉ ነው። ትሉ የሚወደው ከእንስሳ የተገኘውን ነው፤ የበግ ፀጉር፣ ሱፍ፣ ሐር። ጥጥ ንጹሕ ከሆነ ብዙም አይነካውም። ላብ፣ ወጥ ወይም ቅባት ካለበት ግን ያንን ሲከተል ጥጡንም ይበሳዋል። ስለዚህ ዋነኛው መድኃኒት አጥቦና በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ፣ ክረምት ሲወጣም በመስከረም ፀሐይ አውጥቶ ማራገፍና መቦረሽ ነው። እናቶቻችን ያደርጉት የነበረው ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ግን ወላጆችን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ለብል የምንጠቀመው ነጩን ድቡልቡል ናፍታሊን ነው። ናፍታሊን መርዝ ነው። መልኩ ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናት ወደ አፋቸው ያስገቡታል። ከዚህ ሌላ በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። በነዚህ ሰዎች ላይ የናፍታሊን ትነት እንኳ የደም ቀይ ሕዋሶችን ሊያፈርስ ይችላል። በተለይ ጨቅላ ሕፃን ናፍታሊን ውስጥ የከረመ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲለብስ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሊሆን፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። ይህ በየሀገሩ በሕክምና የታወቀ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ልብስ ለሁለተኛው እየተባለ በናፍታሊን ታሽጎ የሚቆይባቸው ቤቶች ይህን ልብ ይበሉ። የሕፃን ልብስ ባለበት መሳቢያ ናፍታሊን አይግባ። የከረመበት ካለም ሳይታጠብና አየር ሳይወስድ ሕፃን አይልበሰው። እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ሕፃን ቢጫ ከሆነ፣ ከገረጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ስለ ናፍታሊኑም ለሐኪሙ ይነገረው።

ሌላው ጉዳይ መሳቢያው ራሱ ነው። ትንንሽ ልጆች መሳቢያዎችን እንደ ደረጃ ስበው ይወጡባቸዋል። ሁሉም መሳቢያ በአንድ ጊዜ ሲሳብ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላና ቁምሳጥኑ በልጁ ላይ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በዚሁ ሰበብ ከሞቱ በኋላ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ዕቃዎች ከገበያና ከየቤቱ እንዲመለሱ ጥሪ ተደርጎ ነበር። በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ዕቃ በብዛት ይገኛል፤ እኛም ሀገር እየበዛ ነው። ከባዱን ልብስ፣ ጂንሱን፣ ወፍራሙን ሹራብ ከታች ማድረግ፣ ከላይ ቴሌቪዥን አለመጫን፣ ጀርባውንም በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው። አናጢ ቢሠራው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንመለስ፤ ባለቤቱ ሲሞት።

በ2004 ዓ.ም የአባታችን እህት ደሴ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። ሐጅ ያደረጉ፣ በሰፈሩ ሁሉ የሚታመኑ ሴት ነበሩ። ከሐጅ ሲመለሱ ከፈናቸውን በዘምዘም አጥበው ይዘው መጥተዋል፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ከፈኔ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አትቸገሩም» ይሉ ነበር። ያረፉት ሌሊት ላይ ነው። ጀናዛ ማቻኮል እንዳለ የታወቀ ነውና ሴቶቹ ከፈኑን ፍለጋ ገቡ። አምስት መሳቢያ ነበር። በአርባ ዓመት የተጠራቀመ ልብስ ወለሉ ላይ ወጣ። ልጃቸው እያለቀሰች የእናቷን ድሪያዎች አንድ በአንድ ታራግፋለች። አልተገኘም። ሲነጋ ሱቅ አስከፍተን አቡጀዲ ገዛንና በሱ ተከፈኑ። ሸሪዓው በዚህ ምንም አይልም፤ ንጹሕ ጨርቅ ከሆነ ይበቃል። ልጃቸው ግን «አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችን» እያለች ለዓመታት ትጸጸት ነበር።

ከወር በኋላ ከፈኑ ተገኘ። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከልጅ ልጆቻቸው የጨቅላነት ልብስ ሥር ነበር። ከሱ ጋርም በአረንጓዴ የሻሽ ቁራጭ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ነገር ወጣ። ሲፈታ አንድ የወርቅ ሐብልና ሁለት ቀለበት ነው። አንድም ወረቀት የለበትም።

ወራሾቹ እኛን ጠየቁን። ያን ጊዜ ገና ወጣት ኢማም ነበርን። የሟች ልብስም ሆነ ጌጥ የውርስ አካል ነው። የቀብር ወጪው፣ ከዚያ ዕዳው፣ ከዚያ ኑዛዜው ወጥቶ ቀሪው ለወራሾች ይከፈላል። በነገራችን ላይ ሰው እንደሞተ ልብሱን አውጥቶ በሰደቃ መበተን በየቦታው የተለመደ ነው። ወራሾች ሁሉ ሳይስማሙ፣ በተለይም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ የቲም በመካከላቸው እያለ፣ ይህ አይፈቀድም። የየቲሙ ድርሻ በልብሱም ውስጥ አለ። የአደራ ዕቃ ግን ከነጭራሹ የሟች ሀብት አይደለም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል። ታዲያ ያ ወርቅ የማን ነው? ልጃቸው «እናቴ ሐብል አድርጋ አይተናት አናውቅም፤ አደራ ነው» አለች። ወንድሟ «አደራ ቢሆን ትነግረን ነበር» አለ። እኛም በሰፈሩ አስጠይቁ፣ ቆዩ አልናቸው። አንድ ዓመት ቆዩ። ጠያቂ ሲጠፋ፣ በሟች እጅ የተገኘ ዕቃ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልመጣ የሟች ነው በሚለው መሠረት ወርቁ ተሸጦ ተከፋፈለ። ወንድምየው በድርሻው የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ቀየረበት።

በ2006 ዓ.ም በርካታ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ከነሱ ጋር አንዲት የዚያው ሰፈር ልጅ መጣች። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የመጣችው በለበሰችው ልብስ ነው። ወደ አክስታችን ቤት ሄዳ ስትገባ ሞታቸውን ሰማች፤ አለቀሰች። እንባዋን ከጠረገች በኋላ «አደራ ነበረኝ» አለች። ምን እንደሆነ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ አረንጓዴ ሻሽ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ አንድ ሐብል፣ ሁለት ቀለበት። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ደመወዟ ነበር።

ወራሾቹ አመኗት። ማመን ቀላል ነበር፤ ችግሩ መክፈሉ ነው። የወርቅ ዋጋ ከተሸጠበት ጊዜ ተለውጧል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ ተነቅሎ አይሸጥም። ልጅቷ በተሸጠበት ዋጋ እንደምትቀበል ብትናገርም፣ ለሦስቱ ወራሾች ሙሉውን ለመክፈል አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቷል። እሷም ያንን ጊዜ የቆየችው በዘመድ ቤት ነው። በዚህ መሐል እኅትና ወንድም ሁለት ረመዷን ሳይጠያየቁ አልፈዋል። አክስታችን በአደራው አልከዱም፤ አንድ ቀንም አልነኩትም። የጎደለው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ኑዛዜ ያለው ሰው ሳይጽፈው እንዳያድር ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸውን እሳቸውም በዒልም መጅሊስ ሰምተውት ይሆናል። እኛም ሰምተነዋል፤ ግን የየቤታችንን የታችኛውን መሳቢያ እያሰብን አይደለም የሰማነው።

በኛ ቤት ዛሬ በላይኛው መሳቢያ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ስስ ደብተር አለች። የኛ ያልሆነ ዕቃ ሲገባ ስሙ፣ ቀኑና የተቀመጠበት ቦታ ይጻፍባታል። የዕቁብ ገንዘብ አለ፤ የአንድ ተማሪ የትምህርት ማስረጃ አለ፤ የጎረቤት የልጅ ልብስ እንኳ ተጽፏል። ትልቁ ልጃችን ማንበብ ስለሚችል የት እንዳለች ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ደሴ ስንሄድ የአክስታችን ልጅ ያንኑ አሮጌ ቁምሳጥን ከፍታ አሳየችን። አምስቱም መሳቢያ ተደርድሯል። ከላይኛው፣ ገና ሲሳብ፣ መጀመሪያ የሚታየው ያ በዘምዘም የታጠበው ነጭ ከፈን ነው። ወራሾቹ ተስማምተው ለሷ ትተውላታል። በላዩ ላይ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዛበታለች፤ በትላልቅ ፊደል ስሟን ጽፋበታለች። ከሥሩም «የሰው ዕቃ እኔ ጋ የለም» ይላል፤ ቀኑ አለበት። በየረመዷኑ መግቢያ እያደሰች እንደምትጽፈው ነገረችን።